ማኅተሙ ተርፏል፣ ቀለሙስ?

በአማርኛ «ቀለም» የሚለው አንድ ቃል ሦስት ነገሮችን ይጠራል። ጸሐፊ ብዕሩን የሚያጠቅስበት ቀለም ነው፤ ሕፃን ፊደል ሲጀምር የሚቆጥረው ቀለም ነው፤ ቆዳ አልፊ በለፋው ቆዳ ላይ የሚያሳርፈውም ቀለም ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባለቤታቸውን «የቀለም ሰው» አሰኝተው ከተከበረ ቦታ ያስቀምጡታል። ሦስተኛው ግን ባለቤቱን ለብዙ ዘመን «ፋቂ» አሰኝቶ ከመንደር ዳር አስቀርቶታል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል። ነገሩ የደጋው ብቻ አልነበረም፤ በምሥራቁ ቆላ በሶማሌ አርብቶ አደሮችም ዘንድ የቆዳ ሥራ ለተናቁ ወገኖች የተተወ ሙያ ሆኖ ኖሯል። የሚያስገርመው ግን የቀለም ሰው የጻፈው መጽሐፍ፣ ዳዊትም ይሁን ቁርኣን፣ ተጠርዞ ከአንባቢ እጅ የሚደርሰው የተናቀው ሰው ባለፋውና ባቀለመው ቆዳ ተለብጦ መሆኑ ነው።

ስድቡ ዛሬ በአደባባይ አይሰማም። ይሁንና ከንቀቱ አንድ ቅሪት በሂስ ውስጥ ቀርቷል ለማለት ይቻላል። ስለ ቆዳ ሥራ የሚጻፉ ጽሑፎች ስለ ቅርጹና ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ስፌቱና ስለ ጌጡ ብዙ ይላሉ፤ ቀለሙ ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ቀይ ነው» ወይም «ቡናማ ነው» ብለው ያልፋሉ። ቀለሙ በምን እንደ ተቀባ፣ በስንት ጊዜ እንደ ተደረበ፣ ቆዳውን ገለጠው ወይስ ሸፈነው የሚለው ጥያቄ አይነሣም። እንዲህ ያለው ዝምታ ለሙያው ጎጂ ነው። ሠሪው የሚመዘነው በማኅተሙ ብቻ ከሆነ ቀለሙን ለምን ይጨነቅበታል? ባገኘው ነገር ይቀባውና ይሸጠዋል፤ በብዙ ገበያዎች የሚታየውም ይኸው ነው።

ጥያቄውን ከድሬዳዋ ማንሣት ተገቢ ነው። የባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከመነሻዋ የመተላለፊያና የንግድ ከተማ ናት። ቡናው ብቻ ሳይሆን ቆዳና ሌጦውም በዚያው ሐዲድ ወደ ባሕር ሲወርድ ኖሯል። ሽቅብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ሐረር አለች፤ በሌላው በኩል የአፋርና የሶማሌ ቆላ ይዘረጋል። በከፊራ ገበያ የሐረሬ፣ የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የአፋር፣ የአማራና የጉራጌ ዐይን በአንድ ቀበቶ ወይም በአንድ ጫማ ላይ ያርፋል። አንዱ ቀዩን ይወዳል፤ ሌላው ጥቁሩን ይመርጣል፤ ሦስተኛው ቆዳው ቆዳ መምሰሉን ብቻ ይጠይቃል። ባለሙያው ለሁሉም መልስ ይፈልጋል።

ቆዳን ማቅለም በብዙ መንገድ ይቻላል። በፋብሪካ ቆዳው ከቀለሙ ጋር በሚሽከረከር ትልቅ በርሜል ውስጥ ገብቶ ለሰዓታት ይገላበጣል፤ ቀለሙም ውስጥ ድረስ ይዘልቀዋል። በሞሮኮ ፌዝ ከተማ ሠራተኞች ከቀለም ጉድጓድ ውስጥ ቆመው ሌጦውን በእግራቸው ይረግጡታል፤ ቢጫው ግን ከጥንት ጀምሮ ውድ ስለ ነበር ከጉድጓድ አይነከርም፣ በእጅ ይታሻል። የጥቃቅን የእጅ ሥራ ባለሙያ በርሜልም ጉድጓድም የለውም። ያለው የሱፍ መቀቢያ ነው።

መቀቢያው እጅግ ቀላል ዕቃ ነው፦ የእንቁላል ያህል የታጠበ ሱፍ፣ ወይም ከለምድ የተቆረጠ ጸጉሩ ያልተላጨ ቁራጭ። በውጭ አገር የቀለም ነጋዴዎች ሱፉን በሽቦ ጫፍ ጠምጥመው ከጠርሙሱ ጋር ይሸጡታል። ሥራው ግን ከዕቃው ቅለት ጋር አይመጣጠንም። በመጀመሪያ ቆዳው ከቅባትና ከአቧራ ይጸዳል፤ ቅቤ ወይም ሞራ ጠጥቶ የለፋ ቆዳ ቅባቱ በቀረበት ቦታ ሁሉ በውሃ የተበጠበጠ ቀለምን አይቀበልምና። ቀጥሎ በእርጥብ ስፖንጅ እኩል ይረጥባል። ሱፉ ቀለሙን ይጠጣል፤ ከቆዳው ከመድረሱ በፊት ግን በቁራጭ ቆዳ ላይ ይጨመቃል፤ በጠብታ የወረደ ቀለም ክብ ነቁጥ ትቶ ይቀራልና ኋላ የሚያጠፋው የለም። ከዚያም በትናንሽ ክቦች ይታሻል፤ ቀጥሎ በረጅሙ፣ ቀጥሎም በአግድሙ። ቀጭን ሆኖ ይደርቃል፤ ይደገማል፤ እንደገና ይደርቃል። በአንድ ጊዜ የሚፈለገውን ጥቁረት ለማግኘት የሚቸኩል እጅ ዝንጉርጉር ቆዳ ያወጣል።

ሱፍ ለምን ተመረጠ ቢባል መልሱ በጸጉሩ ተፈጥሮ ላይ ነው። የሱፍ ጸጉር የተጠማዘዘ ስለ ሆነ በመካከሉ ብዙ ፈሳሽ ይይዛል፤ ሲጫኑት ይሰጣል፣ ሲለቁት ወደ ቅርጹ ይመለሳል። ጥጥ ግን ሲርስ ይተኛል፣ ይጠፈጠፋል፤ ቀለሙንም በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ድሬዳዋ ለረጅም ዘመን የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይዛ የኖረች ከተማ በመሆኗ የጥጥ ብጣሽ ለማንም ቅርብ ነው፤ ብዙው ባለሙያ በዚያው ቢሠራ አያስደንቅም። ሱፉ ግን ቅርብ አይደለም። እዚህ ላይ የአካባቢው አንድ እንቆቅልሽ አለ። ከቆላው ወደ ድሬዳዋ የሚነዳው ራሱ ጥቁር ገላው ነጭ የሶማሌ በግ ሱፍ የለውም፤ የሚሸፍነው አጭር ጸጉር ነው። እንዲህ ያሉ ሱፍ አልባ የኢትዮጵያ በጎች ሌጦ ጥብቅ፣ ስስና ጠንካራ በመሆኑ በዓለም ገበያ ለጓንት ሥራ የሚፈለግ ነው። እንግዲህ ድሬዳዋ የሚቀለመውን ቆዳ ከደጇ ስታገኝ፣ የሚያቀልመውን ሱፍ ለማግኘት እንደ መንዝ ወዳለ ደጋ መላክ ይኖርባታል፤ የመንዝ በግ ባናና በርኖስ የሚሠራበት ሱፍ አለውና። (በአማርኛ «ሱፍ» የሚባለው እህልም፣ በጾም ተወቅጦና ተጠምዞ የሚጠጣው፣ አበባው በሌሎች አገሮች ቀይና ቢጫ ማቅለሚያ ሲወጣለት የኖረ ተክል ነው። መቀቢያውና ቀለሙ በአንድ ስም መጠራታቸው የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም ደስ ያሰኛል።)

ሁለተኛው የድሬዳዋ ፈተና ሙቀቷ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ስትሆን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ትገኛለች። በአልኮል የተበጠበጠ ቀለም በሐረር ከፍታ ለእጅ ጊዜ ይሰጣል፤ በድሬዳዋ ቀትር ግን ሱፉ ወደ ሁለተኛው መሥመር ሳይመለስ የመጀመሪያው ጠርዝ ደርቆ ይጠብቀዋል። በደረቀ ጠርዝ ላይ አዲስ ቀለም ሲደረብ ጠቆር ያለ መሥመር ይቀራል፤ ከሩቅ የሚታይ መሥመር። ብልኅ ሠሪ ይህን የሚያሸንፈው በጉልበት አይደለም። ማለዳ ይሠራል፤ ቆዳውን በደንብ ያረጥባል፤ አልኮሉን ትቶ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ይመርጣል፤ አንዱን ገጽ ሳይጨርስ ለሻይ አይነሣም። በዚሁ ከተማ ለሙሽራ እጅ ሂና የሚያሳርፉ ሴቶች ስለ ሙቀት፣ ስለ እርጥበትና ስለ መቆያ ጊዜ የሚያውቁትን ያህል አንዳንድ የቆዳ ሠሪ ቢያውቅ ብዙ ቀበቶ ከመዥጎርጎር በዳነ ነበር። የእነርሱም ሥራ ቆዳን ማቅለም ነው፤ ሕያው ቆዳን።

ከዚህ በኋላ ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሐረር መጻሕፍት ክዳን መውጣት ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው መንገደኛ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ገብቶ ከተመለሰ በኋላ በ1856 ባሳተመው መጽሐፉ የከተማይቱን የጥረዛ ሥራ በጥንካሬም በመልክም ከፋርስ ቀጥሎ የሚያስቀምጠው አድርጎ አመስግኗል። በርተን ስለ ሐረር ሰዎች ደግ ቃል ከሚያበዙት አልነበረምና ምስጋናው ክብደት አለው። ጥበቡ ከዚያ በኋላ ተዳክሞ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1998 በመኖሪያ ቤታቸው የጀመሩትና በኋላ ራስ ተፈሪ ቤት ተብሎ ወደሚታወቀው ሕንፃ የተዛወረው ሙዚየም የብራናና የወረቀት መጻሕፍቱን ከመሰብሰብ አልፎ የጥረዛውን ሙያ አስነሥቷል፤ እርሳቸው ራሳቸው ሥራውን ተምረው ወጣቶችን አስተምረዋል። ከድሬዳዋ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ሊታይ የሚችል ስብስብ ነው፤ የድሬዳዋ የሥነ ጥበብ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ ባይወጣ የሚጠየቅበት ነው።

የሐረር ክዳን ባሕርይ ይታወቃል። ከመካከሉ የጌጥ ማኅተም፣ ከማዕዘኖቹ ትናንሽ ማኅተሞች፣ ከዳር ዳር መሥመር፣ ከግራ በኩል መጽሐፉን ተጠቅልሎ የሚዘጋ ምላስ። ማኅተሙ የሚታተመው በረጠበ ቆዳ ላይ ስለ ሆነ ጉድጓዱ ቆዳው እስካለ ይኖራል። አንድ የዛሬ ወጣት የድሮውን ማኅተም ከክዳኑ ላይ ለክቶ፣ አዲስ ቀርጾ፣ መልሶ ሊያትመው ይችላል። በዚህ ረገድ ትንሣኤው የተሟላ ነው።

ቀለሙ ግን እንዲህ አይለካም። መቶና ሁለት መቶ ዓመት በእጅ የተዳበሰ፣ የጢስና የላብ ቅባት የጠጣ፣ ፀሐይ ያየ ቀይ ቀለም ዛሬ ቀይ አይደለም። አንዳንዱ ወደ ጥቁር ቡናማ ወርዷል፤ ሌላው ገርጥቶ የአፈር መልክ ይዟል። ከክዳኑ ፊት ያለውን መልክ አይቶ «የሐረር ቀለም ይህ ነው» የሚል ሠሪ የሚቀዳው የአባቶቹን እጅ ሳይሆን የዘመንን እጅ ነው። በአማርኛ ስለ ሰው መልክ የሚነገሩት ቃላት ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር እያሉ ደረጃውን በትክክል ያወጡታል፤ አንድ ክዳን በወጣትነቱ ቀይ ኖሮ በእርጅናው ጠይም ቢሆን፣ የልጅ ልጁ ጠይም ሆኖ መወለድ አለበት ማለት አይደለም።

መልሱን ለሚፈልግ ግን ክዳኑ ራሱ አንድ ምስክር አስቀምጧል። ቆዳው በክዳኑ ጠርዝ ታጥፎ ወደ ውስጥ በሚገባበት፣ በምላሱ እጥፋት ሥርና በተለጠፈው ወረቀት ዳር ብርሃንም እጅም ያልደረሰበት ጠባብ ጥብጣብ ይገኛል። የመጀመሪያው ቀለም ከሌላው ቦታ ይልቅ እዚያ ይጠበቃል። ሠሪው መቀቢያውን እስከ ጠርዙ አድርሶት እንደ ሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደ ደረበ፣ ቀለሙ ከመለጠፉ በፊት ይሁን በኋላ የተቀባ መሆኑ ሁሉ በዚያ ጥብጣብ ይነበባል። የደጋው ድጉስም በዚሁ ዐይን ሊታይ ይገባል፤ በግእዝ መጻሕፍት ክዳን ውስጥ ከተለጠፈው ጨርቅ ሥር የተደበቀው የባሕር አረብ ቀይ ከፊት ለፊቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ይናገራል። ሐያሲው ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት ፍርድ ባይሰጥ መልካም ነው።

ነገሩ የጥንት ወዳዶች ክርክር ብቻ አይደለም። ለጎብኚ በሚቀርቡ ሥራዎች ላይ «ያረጀ መምሰል» የተለመደ ማታለያ ከሆነ ቆይቷል፤ ትናንት የተሠራ ክዳን በጢስና በቡና አተላ ተጠቁሮ የመቶ ዓመት ዕድሜ ይሰጠዋል። አዲስ ክዳን አዲስ መሆኑን የሚያፍርበት ምክንያት የለም። በርተን ያመሰገነው ክዳን በታየ ጊዜ አዲስ ነበረ ወይም ሊያረጅ ገና ጊዜ ነበረው፤ ያመሰገነው ዝገቱን አልነበረም።

በታተመ ቆዳ ላይ ሱፍ ሁለት ዐይነት ንግግር ይናገራል። ቀለም የጠገበ መቀቢያ ቆዳውን ሲያልፈው ፈሳሹ ወደ ማኅተሙ ጉድጓድ ይወርዳል፤ ሲደርቅ ጉድጓዱ ይጠቁራል፣ ጌጡም ጥላ ያለው ሆኖ ከመሬቱ ይነሣል። ጠበቅ ተደርጎ የተጨመቀ፣ ደረቅ ሊባል የቀረበ መቀቢያ ግን ከፍ ያለውን ቦታ ብቻ ይነካል፤ ጉድጓዱ የቆዳውን የተፈጥሮ መልክ ይዞ ይቀራል፣ ጌጡም በብርሃን የተጻፈ ይመስላል። የመጀመሪያው ለጥልቅ ማኅተም፣ ሁለተኛው ለስሱና ለጠፍጣፋው ይስማማል። ሁለቱን በአንድ ክዳን ላይ አዋሕዶ መካከሉን በጥላ፣ ዳሩን በብርሃን ያወጣ ሠሪ ከቀራጭነት ወደ ሠዓሊነት ተሻግሯል። ይህን ምርጫ የማያውቅ ሰው ግን ማኅተሙ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን በቀለሙ ያደነዝዘዋል፤ ጉድጓዱም ጉብታውም አንድ መልክ ይዘው ጌጡ በዳሰሳ እንጂ በዐይን የማይገኝ ይሆናል። በአዳዲስ የቆዳ ሥራዎች ላይ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ትልቁ ጉድለት ይህ ነው።

ከመጻሕፍቱ ወደ ገበያው ሲወረድ ፍርዱ ይከብዳል። ቀበቶው፣ ቦርሳው፣ ሰንደሉ ብዙ ጊዜ የሚሰርግ ቀለም አያገኝም፤ የሚያገኘው የሚለብጥ ቀለም ነው። ልዩነቱ ሊሰመርበት ይገባል። የሚሰርገው ቀለም ወደ ቆዳው ገብቶ የጸጉሩን ቀዳዳ፣ የጅራፉን ጠባሳ፣ የእሾኹን ጭረት፣ የጀርባውን ጥብቀትና የሆዱን ልልነት ሳይደብቅ መልክ ይሰጠዋል። የሚለብጠው ቀለም ከላይ እንደ ቅርፊት ተቀምጦ ሁሉንም ያስተካክላል። የተለበጠ ቆዳ ከፕላስቲክ በምን ይለያል? በሽታ ካልሆነ በምንም አይለይም። ፕላስቲኩም ርካሽ ነው፤ በታይዋን ገበያ ሞልቷል። የእጅ ሠሪው ፋብሪካን በእኩልነት ሊያሸንፈው አይችልም፤ አንድ ሺህ ቀበቶ አንድ መልክ እንዲይዝ ማድረግ የበርሜሉ ጸጋ ነው። የእጅ ሥራ ልብጥን ሲመርጥ ከተፎካካሪው ጋር ሊገጥም የሚችልበትን ብቸኛ ሜዳ ለቆ ይሄዳል።

የልብጡ ጠበቆች አንድ ክርክር አላቸው፤ ሊናቅም አይገባውም። በእጅ የተቀለመ ቀበቶ በድሬዳዋ ሙቀት ላብ ሲነካው ይለቅቃል፤ ነጭ ሱሪና ነጠላ ያበላሻል፤ ገዢው ተመልሶ ይጣላል፤ ልብጡ ግን አይለቅም ይላሉ። እውነት ነው፤ ገዢውም ትክክል ነው። ዳሩ ግን የሚለቅቀው ቀለሙ የሚሰርግ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሥራው ሳይጨርስ ስለ ተሸጠ ነው። ከመጨረሻው ቅብ በኋላ ቆዳው ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቆይቶ በደረቅ ጨርቅ ደጋግሞ መታሸት፣ ጨርቁ ቀለም ማንሣቱን እስኪያቆም ድረስ መወልወል፣ ቀጥሎ ጥቂት ዘይት፣ በላዩም ሰም ማግኘት አለበት። በነጭ ጨርቅ ያልተፈተነ ቀበቶ ከሱቅ መውጣት የለበትም። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜውን ዋጋው አይከፍለውም ይባል ይሆናል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የሠሪው ብቻ አይደለም። የሚለየውን ነገር የሚያሳየው ሰው ያጣ ገዢ የተለበጠውንና የተቀለመውን በአንድ ዋጋ ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፊል ያለፋ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ በሚላክበት ጊዜ 150 በመቶ ቀረጥ ስትጥል አሳቡ ግልጽ ነበር፤ የቆዳ ዋጋ ያለው በመጨረሻው ደረጃ፣ በማቅለሙና በማጠናቀቁ ላይ ስለ ሆነ ያ ደረጃ በአገር ውስጥ ይሠራ ማለት ነው። ለፋብሪካ የታሰበው ለእጅ ሥራም ይሠራል። የአንድ የፍየል ሌጦ ዋጋ ከአንድ በሚገባ የተቀለመና የታተመ ክዳን ዋጋ ጋር ሲተያይ፣ በመካከሉ ያለው ልዩነት የሱፉና የእጁ ነው።

መልካም ምሳሌም አይጠፋም፤ ከሁለት ካልተጠበቁ ቦታዎች ይገኛል። አንደኛው የአፋር ጊሌ አፎት ነው። አፎቱ ከወገብ የማይለይ፣ ከእጅና ከላብ ጋር የሚኖር በመሆኑ መልኩን የሚጨርሰው ተሸካሚው ነው፤ ሠሪው ቀለሙን ስስ አድርጎ የተወለት አፎት ከዓመታት በኋላ እንደ ሕያው ገላ ያበራል፤ በወፍራም ቀለም የተለበጠው ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይላጣል። ሁለተኛው ሊስትሮ ነው። ከድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ፊት እስከ አዲስ አበባ ፒያሳ ድረስ በየጥላው የሚቀመጠው ይህ ወጣት ማንም ሠዓሊ ብሎ ባይጠራውም ስለ ቆዳ ቀለም ያለው ዕውቀት በየቀኑ የሚፈተን ነው። የደረቀውን ጫማ ከእርጥቡ፣ የእውነቱን ቆዳ ከሐሰተኛው በጣቱ ይለያል፤ የነጣውን አፍንጫ ከቀሪው ጋር ለማመሳሰል ቀለሙን ይቀላቅላል፤ ከመቀባት ይልቅ በመወልወል ላይ ይበረታል። የቆዳ ሥራ የሚያስተምር መምህር አንድ ሊስትሮ ወደ ክፍሉ ጠርቶ ለተማሪዎቹ እጁን እንዲያሳያቸው ቢያደርግ ከብዙ ገለጻ የበለጠ ይጠቅማል። ተማሪዎቹም ሆኑ ሊስትሮው በመገረማቸው የሚያፍሩበት ነገር የለም።

የቀለሙ ምንጭም ሊመረመር ይገባዋል። በናይጄሪያ ካኖ አካባቢ አውሮፓውያን «የሞሮኮ ቆዳ» እያሉ ሲገዙት የኖሩትን ቀይ የፍየል ሌጦ ያቀሉት የነበረው በማሽላ አገዳ ቅጠል ነው። የሐረርጌ ደጋ ማሽላ አብቃይ ነው፤ ከማሳው የሚቀረው አገዳ ለከብትና ለማገዶ ይውላል። የመቅመቆ ሥር ቀላ ያለ ቀለም ይሰጣል፤ እንሶስላና ሂና በየቤቱ የሚታወቁ ናቸው፤ በግራር ቅርፊት የለፋ ቆዳ የብረት ዝገት ያለበት ውሃ ሲነካው ይጠቁራል። የመጨረሻው ለጥቁር ፈላጊ መንገድ፣ ለቀይ ፈላጊ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው፦ ቀለሙን በዛገ ቆርቆሮ ውስጥ የሚበጠብጥ ሰው ያልጠበቀውን ጥቁር ነጠብጣብ ቢያገኝ ቀለም ነጋዴውን አይውቀስ።

እንግዲህ በድሬዳዋ ያለ የሥነ ጥበብ መምህር ወይም የእደ ጥበብ ማኅበር አባል ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ የሚጀምረው ሥራ አለ። አንድ የለፋ የፍየል ሌጦ ከጀርባው፣ ከጎኑና ከሆዱ በእኩል ይቆረጥ። እያንዳንዱ ቁራጭ በሱፍ አንድ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይቀባ፤ ጎን ለጎንም በጥጥ የተቀባና በልብጥ የተሸፈነ ይቀመጥ። በጀርባቸው የቀለሙ ዐይነት፣ ሰዓቱና ቀኑ ይጻፍ። ግማሻቸው በወፍራም ወረቀት ተሸፍኖ፣ ግማሻቸው ተገልጦ፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ፀሐይ በሚያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀል። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት ወረቀቱ በተማሪዎቹ ፊት ይነሣና ሁለቱ ግማሾች ይተያዩ፤ ከዚያም ያንኑ ሰሌዳ ይዘው ወደ ሐረር ይውጡና በተከፈተ ክዳን የውስጥ እጥፋት ጎን ያስቀምጡት።